«600 ሜጋ» የሚባለውን የሶኬት ኢንተርኔት ሳትለኩ ገንዘብ እንዳትሰጡ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ እየተሸጠ ያለ አንድ ዕቃ አለ። «ኬብል መሳብ ቀረ፣ ግድግዳ መብሳት ቀረ፣ በመብራት መስመር ብቻ ኢንተርኔት ጓሮ ድረስ» ይላል ማስታወቂያው። ፓወርላይን አዳፕተር ነው። ጥንድ ነጫጭ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዱን ራውተሩ አጠገብ ያለ ሶኬት ላይ ትሰካላችሁ፣ ሌላውን ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 600 ተጽፏል። እኔ 6,500 ብር ከፍዬ ገዛሁት። እጄ የገባው 9 ሜጋ ነው።

የባሰው ደግሞ ሥራዬ ኔትወርክ መሆኑ። ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ ኬብል ስጎትት፣ ስዊች ሳስተካክል የምውል ሰው ነኝ። ሰው ሲሸወድ «እንዴት አላየህም?» እያልኩ የማሾፈው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሊሰድበኝ የፈለገ ሰው ዘግይቷል፣ ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁ።

የምኖረው ጣፎ ነው። ከአስፓልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቻለሁ። ፋይበሩ የገባው ዋናው ቤት፣ እትዬ የምላቸው አከራዬ ሳሎን ውስጥ ነው። ወጪውን ተካፍለን 20 ሜጋ አስገብተናል። በእሳቸው ሳሎንና በእኔ ክፍል መሀል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ ሮቶ እና የቆርቆሮ ማድ ቤት አለ። ዋይፋዩ ማድ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይሞታል። ማታ ማታ የደንበኛ ሰርቨር ውስጥ የምገባበት ሥራ ስላለኝ ጋቢ ለብሼ፣ ላፕቶፕ ታቅፌ የእትዬ በረንዳ ላይ ያመሸሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የጣፎን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ማስታወቂያውን ሳይ ዘልዬ ነው የገባሁት። ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፣ አፉ ማር ነው። ሁለቱን ሳጥኖች አንድ ዲቫይደር ላይ ጎን ለጎን ሰካቸው። መብራቶቹ ቦግ አሉ። ስልኩ ላይ ያለው አፕ 150 ምናምን የሚል ቁጥር አሳየኝ። «600 አይደለም እንዴ?» አልኩት። «እህቴ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ስንት ዕቃ ተሰክቶ! ቤትሽ ስትወስጂው ይጨምራል» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ዲቫይደር ላይ ተጠጋግተው ሲሰኩ ያለው ፍጥነት ያ ዕቃ በሕይወቱ የሚያሳየው ምርጡ ፍጥነት ነው። ከዚያ ወዲያ ሽቦው በረዘመ፣ ብሬከርና መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር መውረድ እንጂ መጨመር የለም። ይህን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። «ሦስቱም መብራት አረንጓዴ ከሆነ አለቀ» አለና ካርቶኑን አሸገልኝ። ደረሰኝ ስለው ፊቱ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨመራል።» 975 ብር ላተርፍ ብዬ ተውኩት። ይቺን 975 ብር አስታውሱልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ስለዚያ 600። ቁጥሩ ውሸት ነው አይባልም፣ እውነትም አይደለም። ቺፑ ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ ሽቦው ላይ ሊደርስበት የሚችለው የጥሬ ፍጥነት ጣሪያ ነው። ሳጥኖቹ አንድ ሽቦ ይጋራሉ፣ ሁለቱ በአንዴ መናገር አይችሉም፣ ተራ እየጠበቁ ነው የሚያወሩት፤ የተራ መጠበቂያው፣ የስህተት ማረሚያው፣ የተበላሸውን መልሶ መላኪያው ሁሉ ከዚያችው ቁጥር ላይ ነው የሚቀነሰው። ፋይል ስታወርዱ እጃችሁ የሚገባው ከጥሬው ግማሹ ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ። ይሄ የዘርፉ ሁሉ ልማድ ስለሆነ አንዱን ሻጭ ብቻ አልወቅስበትም። ግን ሌላ ነገር አለ። የሳጥኑ የኬብል ቀዳዳ 100 ሜጋ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ውስጡ 600 ይሁን 6,000፣ በ100 ቀዳዳ ነው የሚወጣው። ሮቶ ሙሉ ውሃ በስትሮ እንደ መጠጣት ነው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «10/100» ይላል። አላነበብኩትም።

ቤት ስሰካው መብራቶቹ እውነትም አረንጓዴ ሆኑ። ኢንተርኔቱ ግን ይንፏቀቃል፣ የቪዲዮ ስብሰባ በአምስት ደቂቃ አንዴ ይቆረጣል። እትዬ ሲያዩኝ አዘኑ። «ልጄ፣ ምጣዱ ይሆን እንዴ? ስጥድ እኮ አምፖሉ ራሱ ይደበዝዛል» አሉኝ። እኔም አመንኩ። እኛ ቤት አምፖል ተቃጠለ ምጣድ ነው፣ ፍሪጅ ጮኸ ምጣድ ነው። እትዬ ለእኔ ሲሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሱ ጋገሩ። አሁን ሳስበው አንገቴን ያስደፋኛል። ምጣዱ ምንም አላደረገም።

አንድ ቅዳሜ ተናድጄ ልለካ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ማለቴ ነው።

የተለመደው የኢንተርኔት ስፒድ ቴስት እዚህ ላይ አይረዳም። የፋይበሩን፣ የራውተሩንና የአዳፕተሩን ነገር ደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ማን እንዳጠፋ አይነግራችሁም። መለካት ያለባችሁ ግቢ ውስጥ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። የእትዬን ልጅ ላፕቶፕ ራውተሩ ላይ በኬብል ሰካን፣ የእኔን እኔ ክፍል ባለው አዳፕተር ላይ በኬብል። ዋይፋዩን በሁለቱም ላይ አጥፉት፣ አለዚያ ሌላ ነገር ነው የምትለኩት።

ከዚያ አይፐርፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሁለቱም ላይ ጫንን። ሥራው ቀላል ነው። አንደኛው ላፕቶፕ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ላይ የፕሮግራሙን ስም ጽፋችሁ ጭረት ኤስ ትሉታላችሁ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሌላው ላይ ስሙን፣ ጭረት ሲ፣ ከዚያ የሚጠብቀውን ላፕቶፕ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የተሰጠውን ቁጥር። ለ10 ሰከንድ በየሰከንዱ ቁጥር እየጣለ ይሄድና መጨረሻ ላይ አማካዩን ያወጣል። ጭረት ቲ 60 ብትጨምሩበት አንድ ደቂቃ ይለካል። ጭረት ትልቁ አር ብትጨምሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ይለካል፤ ይሄን አትዝለሉት፣ በመብራት መስመር ላይ መሄጃውና መመለሻው እኩል የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። የእኔ 9.4 ሜጋቢት በሰከንድ ወጣ። በተቃራኒው 7.8። ሜጋባይት አይደለም፣ ሜጋቢት ነው፣ ለስምንት አካፍሉት። 1 ጊጋባይት ፋይል ከግቢው ፊት ወደ ግቢው ጀርባ ለማሻገር 14 ደቂቃ ማለት ነው። በፍላሽ ይዤው ብሄድ እቀድመው ነበር።

ፋይበሩ ከደሙ ንጹህ መሆኑ ታወቀ። ቀጥሎ ሳጥኖቹን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። እነዚህ ዕቃዎች በፒንግ («አለህ ወይ?» ብሎ በሚጠይቀው ትዕዛዝ) አይገኙም፤ ትዕዛዝ የሚቀበሉት በጥሬ የኢተርኔት ፍሬም፣ ማለትም አይፒ አድራሻ በማይፈልግ መልእክት ነው። የኳልኮም አቴሮስ ቺፕ ላላቸው ኦፕን ፒኤልሲ ዩቲልስ የሚባል የትዕዛዞች ጥቅል ጊትሃብ በሚባለው የፕሮግራም መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ብሮድኮም ቺፕ ላላቸው ደግሞ ፒኤልኤ ዩቲል የሚባል ሌላ አለ። የእኔዎቹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከጥቅሉ ውስጥ የምትፈልጉት ትዕዛዝ ፒኤልሲስታት ነው። መጀመሪያ ሱዶ (ትዕዛዙ በአስተዳዳሪ ፈቃድ እንዲሠራ)፣ ቀጥሎ የትዕዛዙ ስም፣ ጭረት ቲ፣ በመጨረሻ ጭረት አይ ብላችሁ የኬብል ካርዳችሁን ስም ትጽፋላችሁ። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ ያወጣል። እናንተ የተሰካችሁበት «ሎክ»፣ የሩቁ «ሬም» ተብሎ ይመጣል። ማክ አድራሻው፣ ማለትም የሳጥኑ የፋብሪካ መለያ፣ ይከተላል። ከዚያ ቲኤክስ (መላኪያ) እና አርኤክስ (መቀበያ) የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ በሳጥኖቹ መሀል ያለው ጥሬ ፍጥነት እነሱ ናቸው፣ በሜጋቢት። ወደ መጨረሻው የቺፑ ስም ነው። መስመሩ ሥራ ፈት ሆኖ ከጠየቃችሁት ያረጀ ቁጥር ሊሰጣችሁ ስለሚችል አይፐርፍ3ን በሌላ መስኮት እያስኬዳችሁ ጠይቁት።

የእኔ ቲኤክስ 24፣ አርኤክስ 19። 600 የተባለው መሆኑ ነው። ግን ዓይኔ እዚያ ላይ አልቆየም። ሰንጠረዡ ላይ ሦስት መስመር አለ። የገዛሁት ሁለት ነው።

መጀመሪያ ሰው ሰብሮ የገባ መሰለኝ፣ ልቤ ድው አለ። የእትዬ ልጅ ግን አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጎረቤታችንን ጋሼን ጠራቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። «አዎ፣ ገዝቻለሁ፣ ምነው?» አሉ። ከዚያው ቻናል፣ ከእኔ ሁለት ሳምንት ቀድመው። ለካ እነዚህ ሳጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት የኔትወርክ ቁልፍ ይዘው ነው፣ «ሆምፕላግ ኤቪ» በሚል ስም። ቆጣሪ ደግሞ ምልክቱን የሚያግድ አጥር አይደለም፣ አንድ መስመር ላይ ያላችሁ ጎረቤታሞች በሽቦው ልትገናኙ ትችላላችሁ። የእኔና የጋሼ ቤት ሳናውቀው አንድ ኔትወርክ ሆነን ከርመናል። ሁለት ራውተር አንድ መንደር ውስጥ አይፒ ለማደል ይሻሙ ነበር። አንዳንድ ቀን የተጠቀምኩት የእሳቸውን ኢንተርኔት ነው ማለት ነው። ጋሼ ሲሰሙ ሳቁ፣ «እኔም አንቺን ተጠቅሜ ይሆናላ» አሉ። እኔ አልሳቅኩም። የሁለታችንም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይተያዩ ነበር እኮ። ይሄ ዕቃ ያላችሁ ዛሬውኑ አድርጉት፦ የአንዱን ሳጥን የማጣመሪያ ቁልፍ ተጫኑ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሌላውንም። አዲስ የግል ቁልፍ ይፈጥራሉ። የእኛ ሰንጠረዥ ላይ ሦስተኛው መስመር ወዲያው ጠፋ።

ዋናው ማጭበርበር ግን ከመጥፋቱ በፊት ያየሁት የቺፕ ስም ላይ ነው። የእኔ አንዱ ሳጥን ኪውሲኤ7420 ይላል። የጋሼም ኪውሲኤ7420። የእኔ ሁለተኛው አይኤንቲ6400። 6400 የድሮው የ200 ሜጋ ትውልድ ነው። ኢንቴሎን የሚባል ኩባንያ የሠራው ቺፕ ሲሆን ያንን ኩባንያ አቴሮስ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዛው፣ አቴሮስን ደግሞ ኳልኮም በ2011 ዋጠው። እንግዲህ ዘንድሮ ታሽጎ «አዲስ» ተብሎ በተሸጠልኝ ካርቶን ውስጥ ምን ይሠራል? ቀፎው አንድ ዓይነት ነው፣ ተለጣፊው አንድ ዓይነት ነው። ጋሼ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጠውት የነበረውን ሁለተኛውን ሳጥናቸውን አምጡ አልናቸውና ሰካነው። እሱም አይኤንቲ6400።

ገባችሁ? ሁለት ደንበኛ፣ ሁለት ካርቶን፣ በእያንዳንዱ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ። አዲሱ ትውልድ ከአሮጌው ጋር መናገር ስለሚችል ሁለቱ ይጣመራሉ፣ መብራቱም አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን የሚያወሩት በአሮጌው አቅም ነው። ከአንድ አዲስ ጥንድ ሁለት ደንበኛ ይወጣል። ሱቅ ውስጥ ያየሁት 150 ምናምንም ምስጢሩ ይኸው ነበር። አጋጣሚ ነው የሚል ካለ ቡና እኔ ልጋብዘው።

ከዚያ ቅዳሜያችንን እዚያው ጨረስነው። ዕቃ አንድ በአንድ እየነቀልን፣ ትዕዛዙን እየደጋገምን። ፍሪጅ ነቀልን፣ ምንም። ቴሌቪዥን ነቀልን፣ ትንሽ። አልጋዬ አጠገብ የነበረችውን ከመንገድ ላይ በ150 ብር የገዛኋትን የስልክ ቻርጀር ስነቅል 24 የነበረው 61 ሆነ። አይፐርፍ3 ላይ 27። መልሼ ሰካኋት፣ ወረደ። ነቀልኳት፣ ወጣ። እነዚህ ርካሽ ቻርጀሮች በውስጣቸው ማጣሪያ ስለማይኖራቸው ሳጥኖቹ በሚነጋገሩበት የሞገድ ክልል ላይ ይጮኻሉ። እትዬን ለምነን ምጣዱን አስጣድን። 61 የነበረው 58 ሆነ፣ በቃ። ምጣድ የሚግል ሽቦ ነው፣ ኃይል ይበላል እንጂ ያን ያህል አይጮኽም። እትዬ «ታዲያ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ያስነሳኝ ይሄ ነው?» ብለው ቻርጀሯን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ቆሻሻ ውስጥ ከተቷት።

በመጨረሻ የእኔንና የጋሼን አዲሶቹን ሳጥኖች አጣምረን በዚያው ሶኬት፣ በዚያው ሽቦ ሞከርን። ቲኤክስ 148፣ አርኤክስ 131፣ አይፐርፍ3 66። ያ አሮጌ ሳጥን ብቻውን ከግማሽ በላይ ሲበላብኝ ነበር ማለት ነው። 66 ሜጋ ባገኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም፣ ለ20 ሜጋ መስመር ከበቂ በላይ ነው። ዕቃው በራሱ መጥፎ አይደለም። የሸጠልኝ ሰው ነው።

ሻጩ ቴሌግራም ላይ አገደኝ። ሰኞ ከጋሼ ጋር አራቱን ሳጥን ይዘን ሱቁ ሄድን። ላፕቶፑን ከፍቼ ሰንጠረዡን አሳየሁት። «ይሄ ጥቁር ስክሪን ምን እንደሚል እኔ አላውቅም» አለ። ቀጥሎ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም»። ቀጥሎ «ደረሰኝ አላችሁ?» ይኸውላችሁ 975 ብሬ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ጋሼ አስተማሪ ናቸውና እየጠቀሱ ተከራከሩለት። ልጁ በጨዋነት ሰማቸው፣ ወንበር ሁሉ አቀረበላቸው። ግን ከእሱ ሱቅ መግዛታችንን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት የለንም፣ ገንዘቡም የገባው በሌላ ሰው ስም በተከፈተ አካውንት ነው። ማንን ነው የምትከሰው? የሱቁን ስም አልጽፍም፣ ብጽፈውም ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። ምልክቱን ግን ያዙ፦ ካርቶኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ተለጣፊ ላይ ሌላ ፕላስተር ተደርቦበታል፣ የሁለቱ ሳጥኖች ማክ አድራሻ መጀመሪያ ስድስት ፊደላት ደግሞ አይመሳሰሉም። የአንድ ካርቶን ጥንድ ብዙውን ጊዜ ተከታታይ ቁጥር ነው ያለው።

የግድ መግዛት አለብኝ የምትሉ፣ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ሰንጠረዡን እዚያው ሱቅ ውስጥ አውጡት፣ የቺፑ ስም ሁለቱም ላይ አንድ ካልሆነ ውጡ። ከተቻለ ቤት ወስዳችሁ በራሳችሁ ሶኬት ለክታችሁ ለመክፈል ተስማሙ፤ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ግድግዳው ላይ ሰኩት፣ መብረቅ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ላይ ከሰካችሁት ማጣሪያው ምልክቱንም አብሮ ያንቀዋል። ደግሞ እኛ ሰፈር ዋናውን ነገር ማንም አይነግራችሁም፦ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ራውተሩ ባትሪ ቢኖረውም ሳጥኖቹ ሶኬቱ ከሞተ ሞተዋል። ጣፎ ላይ መብራት ስንቴ እንደሚሄድ ልንገራችሁ?

እኔ በመጨረሻ ያደረግኩት መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነው። 45 ሜትር የውጪ ኬብል ገዝቼ ከእትዬ ልጅ ጋር በአጥሩ ላይ በፕላስቲክ ቱቦ ሳብነው። ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል፣ ይሄን እኔ ለደንበኞቼ በቀን ሦስቴ የምለው ነገር ነው። ቱቦውን ጨምሮ የአዳፕተሩን ዋጋ ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። አይፐርፍ3 ላይ 940 ወጣ። እትዬ እንጀራቸውን ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት መልሰዋል።

ጥንዱ ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ባለፈው አንድ የሥራ ባልደረባዬ አየውና «በ3,000 ልውሰድልሽ» አለኝ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ መሆኑን፣ ቁጥሩንም ሁሉ ነገርኩት። «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። እስካሁን እያሰበበት ነው።